አንድ ጊዜ የተለካ አንገት

ጥቅምት 4

ለአክስቴ ልጅ ለጭራሮ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጤናና እንቅልፍ አይጉደልብሽ፤ ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ። እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፣ ነገር ግን ደብዳቤን በውሸት መክፈት አልወድም።

ከሰኔ ጀምሮ አንገቴ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ነበረች። ዛሬ ሎሚ አክላለች። ያገኘቻት ባለቤቴ ናት። ልብስ ሰፊ መሆኗ ለአንድ ነገር ጠቀመ። ለሸሚዝ ስትለካኝ ቆም አለችና፣ «ሜትሩ አምና ከነበረበት አለፈ» አለችኝ።

«ወፈርኩ» አልኳት።

«አንገት በአንድ ጎን ብቻ አይወፍርም» አለችኝ።

የጉሮሮ ሐኪሙ፣ ዕድሜው ልጄ ለመሆን የሚበቃ ጎረምሳ፣ ከቶንሲሌ ላይ ቆንጥሮ ወሰደ። ካንሰር ነው። እሱ እንደሚለው ይህ በሽታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቫይረስ የሚያመጣው ሲሆን ለሕክምና ይገዛል። ሁለተኛው ያለ ቫይረስ የሚመጣ እልኸኛ ነው። የኔ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ እዚህ አይሠራም። የአክስቴ ልጅ ባሕር ማዶ በዚሁ ሥራ ላይ ናት ስለው ፊቱ በራ። እኔም ትዝ አለኝ፤ ለፈተና ሳስጠናሽ መንገዱን ሳታሳዪ መልሱን ብቻ ስለጻፍሽ ደብተርሽን የቀደድኩት ለዚህ ቀን ኖሯል።

በሰም ውስጥ የተቀበረችው ሥጋዬ በትንሽ ካርቶን ተጠቅልላ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥታለች። ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች። እንዳትጥያት፤ ሌላ የለኝም።

ያየሽውን ጻፊልኝ፣ የገመትሽውን አትጻፊ። ደግሞ እንዳትደውይ። በስልክ የተባለ ነገር ቀንም ፊርማም የለውም። ሰማይ ቢደፋ አትደውይልኝ፤ አላነሳም።

የአጎትሽ ልጅ፣ ቀያሹ


ኅዳር 2

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ቀኑን ሁሉ በደኅና ያውልዎት፤ ሕመሙንም ከላይዎ ላይ ያንሳልዎት። ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ካርቶኑ ምንም ሳይነካው ደርሷል።

ሥራው የእኔ ሥራ አልነበረም፤ የውጭ ናሙና ያለ ኃላፊዬ ፈቃድ አይነካም። በሦስት ቀን የምሳ ሰዓት ሠራሁት። ሰሙን በምላጭ ከሽንኩርት ልጣጭ በብዙ እጥፍ አሳስቼ ቆረጥኩት። ቁራጩ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ በመስታወት አነሳሁት። እጄ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱ ተበላሹብኝ፤ ሦስተኛው ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ የሕዋሱን ፍሬን፣ ማለት መባዛቱን የሚገታውን፣ ይበጥሳል። ያኔ ሕዋሱ ፒ አሥራ ስድስት የሚባል ፕሮቲን ያለ ልክ ያመርታል፣ ይከምራል። እኛ ፕሮቲኑ ያለበትን ቦታ ቡናማ የሚያደርግ ማቅለሚያ እናፈስበታለን። የእርስዎ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆነ። ከማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ሳነሳ አለቀስኩ።

ጋሼ፣ ቫይረሱ አለበት። ደጉ ዓይነት ነው። ደስ ይበልዎት።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ይህ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ትልቅ ሰው ከሆነ ሁሉ ውስጥ ያላለፈበትን ማግኘት ይከብዳል፤ ብዙዎቹን ሳያውቁት ትቷቸው ይሄዳል፣ አንዳንዱ ላይ ሠላሳ ዓመት አድብቶ ይቀመጣል። ከማን መጣ ብሎ መጠየቅ ዓምና የዘነበው ከየትኛው ደመና ነው እንደማለት ነው። እርስዎም በየመስኩ ድንኳን ያደሩ ሰው ነዎትና ይህን ጥያቄ ቤትዎ አያስገቡት።

ለእትዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አንገትዎን በጊዜ ስለለካች ይሳሙልኝ።

ጭራሮ


ኅዳር 25

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤናሽ ይጠበቅ፤ እጅሽ አይንቀጥቀጥ። ደብዳቤሽ በዘጠኝ ቀን ደረሰኝ። ለሐኪሙ አነበብኩለት። «እንግዲያው ጨረሩ ይበቃዎታል፣ ከጎኑ የሚሰጠውን መድኃኒት ብንተወው ይሻላል» አለኝ። ያ መድኃኒት ጆሮ ያደነቁራል፣ ኩላሊት ይጎዳል ተብዬ ነበርና አመሰገንኩሽ። ሠላሳ አምስት ጊዜ ጨረር ታዟል፣ ዘጠኙን ጨርሻለሁ። ፊቴን በፕላስቲክ ጭንብል ከጠረጴዛው ጋር ይቸነክሩታል። ባለሙያዋ፣ «አይንቀሳቀሱ አባባ» ትላለች። ወዴት ልንቀሳቀስ ነው?

ልመናሽን አንብቤዋለሁ። ብልህ ነሽ፤ ግን ሠላሳ ዓመት ወሰን ስለካ የኖርኩ ሰው የመሬቱን ባለቤት አትጠይቅ ልትይኝ አትችዪም። ልብስ ሰፊዋን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። የቀድሞ ባሏ ሹፌር እንደነበር ታውቂያለሽ።

«ከሹፌሩ ነው» አልኳት።

«ሹፌሩ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው» አለችኝ።

«ቫይረሱ አብሮት አልሞተም።»

ልብሱን ከመርፌው ሥር አወጣችና አጠፈችው። «አንተስ? በየድንኳኑ ስታድር?»

«እኔ መሬት ስለካ ነበር።»

«መሬት ብቻ?» አለችኝ።

በአፏ መውጋት የማትችል ሴት ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ትችላለች። በማግስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን በር ላይ አወጣሁላት። ከመውጣቷ በፊት ማግኔቷን ይዛ ተንበርክካ ወለሉን ዳር እስከ ዳር አሰሰች። የወደቀ መርፌ ሁሉ ለቀመች። «በባዶ እግርህ ስትሄድ እንዳይወጋህ» አለችኝ። እንደዚህ ያለ ተንኮል አይተሽ ታውቂያለሽ? ጥፋተኛ ሰው ደግ ሲሆን እጅግ ይከፋል።

አሁን እህቷ ዘንድ ናት። ለሁለቱ ወንድሞቿም ምክንያቱን በደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ቀንና ፊርማ ያለበት። ወሬ ከሚያጣምመው እኔው ልክ ልክ ብነግራቸው ይሻላል።

ከአንቺ የምፈልገው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ከተቻለ ቫይረሱ የስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍበት። ከሃያ ስድስት በላይ ከሆነ ነገሩ አበቃ።

የአጎትሽ ልጅ፣ ቀያሹ


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? ለሰውነትዎ ብርታት፣ ለልብዎም ዕረፍት ይስጥልኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ። የምኖርበት ሕንፃ አሳንሰር ከተበላሸ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እኔ ያለሁት ስድስተኛው ፎቅ ነው። ሠሪዎቹ አንድ ቀን መጥተው በሩን ከፍተው አዩና ዘግተው ሄዱ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ዕቃቸውን ያደረስኩላቸው እንደሆነ ነው የሚወጡት። ከሥራ ስመለስ ጉልበቴ አይዘኝም፣ እስክሪብቶ ማንሳት ይከብደኛል። ጽዳቱም ተጓድሏል፣ ደረጃው ላይ አምፖል የለም።

የቫይረስ ዕድሜ አይቆጠርም ጋሼ። የትም ቢላክ እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ኃላፊዬ እጅ ነው፣ ይደርሳል።

እስከዚያ ግን ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ እንደገና እንዲያስብበት ቢጠይቁት መልካም ነው። የተለየ ምክንያት የለኝም። ለጥንቃቄ ያህል ነው።

እትዬን ወደ ቤቷ ይመልሷት። እባክዎ።

ጭራሮ


ጥር 12

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጉልበትሽም ይበርታ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የመጨረሻውን ጨረር በጨረስኩ ማግስት ነው። «መድኃኒቱን ያስቡበት» የምትለዋን መስመር ለሐኪሙ ሳሳየው፣ «መድኃኒቱ ከጨረሩ ጋር እንጂ ከጨረሩ በኋላ አይሰጥም፤ ለምን ጠየቀች?» አለኝ። እኔም እንጃ አልኩት። እንጃ ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አፌ ውስጥ ምራቅ የለም። ውሃ ሳልይዝ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨርስም። የአንገቴ ቆዳ እንደተቃጠለ ወረቀት ይፈረፈራል፤ የሸሚዝ ኮሌታ ሲነካው ዓይኔ እንባ ያዝላል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ከማን እንደሰማች አላውቅም፣ ሸሚዝ ላከችልኝ። አንገቱን አራት ጣት አስፍታ፣ ኮሌታውን አውጥታ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጣ ቆዳዬን እንዳይነካ አድርጋዋለች። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ሥራ ነው። ሳልለብሰው መልሼ ላክሁት።

እብጠቷ ግን አለች። ሐኪሙ ጣቱን አሳርፎባት ብዙ ቆየ።

አሁን ወደ አንቺ። ስለ አሳንሰር ግማሽ ገጽ ጽፈሽ ስለ አንገቴ አራት መስመር ጻፍሽልኝ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ቀያሽ ልኬቱ እንዳልገጠመ ሲያውቅ ሪፖርቱን በአየሩ ሁኔታና በመኪናው ብልሽት ይሞላዋል። እኔ ሪፖርቱን ስይዝ መጀመሪያ የማየው የዝናቡን ወሬ ርዝመት ነው። ከረዘመ፣ መሬቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

አንድ ነጥብ ከሁለት ቦታ ሳይለካ አይጻፍም። የኔን ነጥብ ከስንት ቦታ ለካሽው? በቁጥር መልሺልኝ።

ቀያሹ


ጥር 30

ለተከበሩ ጋሼ፣

በረከት ልመኝልዎት ጀምሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሕመምዎን ያቅልልዎት፤ ይህንን ከልቤ ነው።

ከአንድ ቦታ ነው የለካሁት።

እርስዎ በሚገባዎት ቋንቋ ልናገር። ችካሉን አየሁ፤ የተከለው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቡናማው ቀለም የሚያሳየው ፕሮቲኑን ነው። ፕሮቲኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚከምረው ቫይረሱ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ፕሮቲኑ ይኖርበታል፣ ቫይረሱ አይኖርም። ፍሬኑ በሌላ ምክንያት የተበጠሰ ነው፤ ምናልባት ለዓመታት ባጨሱት ሲጋራ። «ፕሮቲኑ አለ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። «ቫይረሱ አለ» ብዬ ጻፍኩ። መልሱን ብቻ ጻፍኩ ጋሼ፤ መንገዱን አላሳየሁም።

ኃላፊዬ ሰሙን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አገኘችው። «ይህ የማን ነው?» አለች። «የወንድሜ» አልኳት። መዝገብ ላይ አስገባችው። ከመዘገበችው በኋላ ሁለተኛው ምርመራ፣ የቫይረሱን ዘረመል ራሱን የሚፈልገው፣ ግድ ሆነ። የለም። ደግመው ሠሩት፣ የለም። የእርስዎ ደጉ ዓይነት አይደለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን መተው አልነበረበትም።

ይህን ያወቅሁት ታኅሣሥ 3 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ልጽፍልዎት ስቀመጥ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ፤ እትዬን እንዳስወጧት የሚያወራው። ያኔ ወረቀቴን ቀደድኩ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ፈራሁ። ካንሰሩን አይደለም የፈራሁት፤ እርስዎን ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ የራሴ ቤት አለኝ፣ አሁንም እርስዎ ፊት ስቀርብ ደብተሬ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። እንዳትደውይ ብለውኛልም። ይህን ሰበብ አድርጌ ተኛሁበት።

እዚህ ከማይክሮስኮፕ አንስተውኛል፤ ጠርሙስ አጥባለሁ። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

ሁለቱም ወረቀቶች ማኅተማቸው ተመቶ ከዚህ ጋር አሉ። ለሐኪሙ ያሳዩአቸው። ከዚያ ለእትዬ።

ጭራሮ


የካቲት 18

ለጠርሙስ አጣቢዋ፣

ዛሬ የምመርቅሽ የለኝም። ምርቃት ምራቅ ይፈልጋል።

ቆጠርኩ። ከታኅሣሥ 3 እስከ ጥር 30 ሃምሳ ሰባት ቀን ነው። ታኅሣሥ 3 ዕለት ከሠላሳ አምስቱ ጨረር ሃያው ቀርቶኝ ነበር። መድኃኒቱ በነጋታው ቢጀመር ይደረስበት ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው፣ እያለቀሰ። ሐኪም ሲያለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያስጠላል። ስልክ እጠላለሁ፤ ለዚህ ግን አነሳው ነበር። ሃምሳ ሰባት ቀን ሙሉ ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጮኾ አለማንሳቴን አልሞከርሽውም።

እብጠቷ እስከ ምላሴ ሥር ዘልቃለች። ቀዶ ጥገና ቢደረግ ምላስና መንጋጋ አብረው ይሄዳሉ፤ ያም ሆኖ ዋስትና የለም። ሐኪሙ ወራት ብሎ ጀመረና ቁጥሩን ሳይነግረኝ አቆመ። ቁጥር የሌለው መልስ እኔ ዘንድ እንደማያልፍ ማን በነገረው።

አሁን በደንብ አንብቢ። ሁለተኛውን ወረቀት ለሐኪሙ ብቻ አሳይቼ አቃጥዬዋለሁ። ለልብስ ሰፊዋ አላሳየኋትም፣ አላሳያትምም። ለወንድሞቿ በፊርማዬ ጽፌያለሁ። ያ ደብዳቤ እጃቸው ላይ አለ፤ ቀን አለው። ጎረቤቱ ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። ሰው በሕይወቱ ቢሳሳት ያርማል። እኔ የማርምበት ጊዜ የለኝም፤ ስለዚህ ትክክል ሆኜ ልቀበር። እሷ ሌላ ሃያ ዓመት ትኖራለች፣ ስሟን ለማደስ ጊዜ አላት። ከሁለታችን ጊዜ ያላት ትሸከመው።

የመጀመሪያው ወረቀት ይበቃል። ቡናማ ነው ይላል፣ ማኅተም አለበት፣ ውሸት አይደለም። ሁለተኛው አልተሠራም። አንቺም አታውቂም። ለእሷም፣ ለእህቷም፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ካልሽ፣ ባልተፈቀደ የምሳ ሰዓት ሥራሽ አንድ ሰው መግደልሽን ለመሥሪያ ቤትሽ አለቆች እጽፋለሁ። ጠርሙሱንም ያስጥሉሻል።

ሃምሳ ሰባት ቀን አለብሽ። በዝምታ ክፈዪኝ። ዝምታ ላይ ጎበዝ ነሽ።

ቀያሹ


መጋቢት 9

ለአጎቴ ልጅ፣

ዛሬ አንተ እልሃለሁ። አንቱታው የሚከብደኝ ሆኗል።

ለአለቆቼ ጻፍ። አድራሻው ፖስታው ላይ አለ። የምትጽፈው እውነት ነው፣ ቃል አላስተባብልም። የአንተን ሞት በከፊል እኔ ይዤዋለሁ፤ ስነቃ አለ፣ ስተኛም አለ። ይህን ዕዳ ግን በሌላ ሰው ስም አልከፍልም።

ዝምታህንም ልሰጥህ አልችልም፤ ዘግይተሃል። ጥር 30 ፖስታ ቤት የሄድኩት በሁለት ፖስታ ነው። አንዱ የአንተ ነበር። ሁለተኛውን ወደ እህቷ ቤት ላክሁት፤ ሁለቱም ወረቀቶች ውስጡ ነበሩ፣ ለወንድሞቿም የሚበቃ ቅጂ። ለእትዬ አሳያት ብዬ የጻፍኩልህ ታሳያት እንደሆነ ለማየት ነበር። አንድ ነጥብ ከሁለት ቦታ ይለካል ብለኸኝ የለ? አንተን ለካሁህ።

መልሷ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። አጭር ነው። የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ጽሕፈቷ የጻፈችውን አንድ ቃል ሳልጨምር እገለብጥልሃለሁ፤ ያየሁትን እንጂ የገመትኩትን አልጽፍም።

«ወረቀቶቹ ደርሰውኛል። እኔ ይህን ለማወቅ ወረቀት አላስፈለገኝም ነበር፤ ወንድሞቼ ግን አንብበው አለቀሱ፣ እሱ የጻፈላቸውንም አምጥተው ሰጡኝ። ያመዋል ወይ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፣ አንገቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ እንደሚያመው አውቃለሁ። እንድመለስ ቢለምንሽ ለኔ እንዳትነግሪኝ። የመለሰው ሸሚዝ ሳይለበስ ደርሶኛል። አንገቱን መልሼ አጥብቤ፣ ኮሌታ ሰፍቼለት ሸጥኩት። በልክ ገጠመው። የገዛው ሹፌር ነው፤ ይህቺን ንገሪልኝ።»

ነግሬሃለሁ።

የአክስትህ ልጅ